ያልተዘጋው የጋሼ ተፈራ መስኮት

ሰኞ

ሪፖርቴ ዛሬም ተመለሰ። ኬቪን ከላዩ ላይ የጻፈው ቃል ያው የተለመደው ነው፦ «እኔ ጋ አይታይም።»

ኬቪን ፕሮግራሙን የሚሠራው ኢንጂነር ነው። ቢሮው ከሙከራ ክፍላችን በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው። እርሱ ጋ የማይታየው ጥፋት እኔ ጋ ደግሞ በየቀኑ ይታያል። አንድ ዓይነት ማሽን፣ አንድ ዓይነት ፕሮግራም፣ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ይዘን እንዴት ሁለት ነገር እናያለን? ወይ እርሱ አይቶ አያይም፣ ወይ እኔ የሌለውን አያለሁ። ሁለተኛው ነው የሚያስፈራኝ።

ነገሩን በሥርዓት ላስቀምጠው፤ ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል።

ማሽናችን በሚሠራበት፣ ዩኒክስ በሚባለው ሥርዓት፣ አንድ ፕሮግራም ሲነሣ ከዙሪያው የሚያነባቸው ስሞች አሉ፤ እያንዳንዱ ስም የራሱን ዋጋ ይዟል። ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ይሏቸዋል። ማተሚያው የትኛው ነው፣ ቋንቋው ምን ይሁን፣ ፋይሉ የት ይቀመጥ፤ ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ የሚረዳው ከእነርሱ ነው። እኔ የምሞክረው የመጋዘን ዕቃ የሚቆጣጠር ፕሮግራም ነው። የሚጽፋቸውን ፋይሎች የት እንደሚያኖር የሚነግረው ቫሪያብል የእንግሊዝኛ ስሙ ረጅምና አስቀያሚ ስለሆነ በዚህ ደብተር «ማኖሪያ» እለዋለሁ። የሙከራ ወረቀቱ የሚያዝዘኝ ይህን ነው፦

ማኖሪያ ትክክለኛ ዋጋ ሲኖረው፣ ፕሮግራሙ እዚያ ይጽፋል።
ማኖሪያ ኖሮ ባዶ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ያስጠነቅቃል።
ስክሪኑ ላይ አዲስ የትእዛዝ መስኮት ከፍተህ፣ ማኖሪያ ጭራሽ ሳይኖር ስታስነሣው፣ ፕሮግራሙ «ማኖሪያ የለም» ብሎ ይቆማል።

የመጀመሪያው ይሠራል። ሁለተኛውም ይሠራል። ሦስተኛው ላይ ግን ፕሮግራሙ አይቆምም። ምንም እንዳልጎደለበት ሰው ሥራውን ይቀጥላል፤ «ጽፌ ጨርሻለሁ» ብሎኝ ይወጣል። የት ጻፍህ? አይናገርም። እኔ ባለሁበት ቦታ ፈልጌ አላገኘሁም።

ባዶ መሆንና አለመኖር አንድ እንዳልሆኑ ራሱ የገባኝ በስንት ጭንቅ ነው። ያስረዱኝ ጋሼ ተፈራ ናቸው። «ባዶ ሰሐን ሌላ፣ ሰሐን የሌለበት ጠረጴዛ ሌላ» አሉኝ። ጋሼ ተፈራ በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት ወደ አሜሪካ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ረጅም ዘመን ኢንጂነር ሆነው ሠርተዋል፤ መሥሪያ ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ ግን እንደ እኔ በኮንትራት ሙከራ ይሠራሉ። አንድ ማሽን ለሁለት ነው የያዝነው። እርሳቸው ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት፣ እኔ ከስምንት ሰዓት በኋላ። እሠራበት ከነበረው የኦክላንድ መኪና ማቆሚያ አውጥተው ወደዚህ ሳን ሆዜ ያመጡኝም እርሳቸው ናቸው። ለአለቃችን ለሊንዳ፣ «ይህ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም የታዘዘውን አንድ ነጥብ ሳያጎድል የሚፈጽም ነው» ብለው ቃል ሰጡልኝ።

ኮንትራቴ ዓርብ ያበቃል። ሊንዳ በግልጽ ነግራኛለች፤ ቋሚ የምታደርገኝ ወይም የምታሰናብተኝ ሪፖርቶቼን አይታ ነው። ሪፖርቶቼ ደግሞ አንድ በአንድ እየተመለሱ ነው።

ማክሰኞ

ላይት ሬሉ ዛሬ መንገድ ላይ ቆመ። ምክንያቱን የሚነግር የለም። በሩጫ ስገባ ጋሼ ጃኬታቸውን ለብሰው ቆመው ጠበቁኝ። «የአሜሪካ ባቡርም እንደኛው ነው፣ አትደንግጥ» አሉኝ።

አንድ አዲስ ነገር ገጠመኝና ሌላ ሪፖርት ልጽፍ ነበር። ፕሮግራሙ ራሱ አንድ ቫሪያብል እንዲሠይም ታዝዞ ሠየመ። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ግን ያ ስም ከመስኮቴ ጠፋ። ጥፋት ነው ብዬ ደስ አለኝ። በሰው ጥፋት ደስ መሰኘት እንዲህ ካለ ሥራ የሚገኝ ጸባይ ነው። ደግነቱ ጋሼ ገና አልወጡም ነበርና አስቀድሜ ጠየቅኋቸው።

«እንዳትጽፈው! ይስቁብሃል» አሉኝ። «ስማኝ። ትእዛዝ የምትጽፍበት መስኮት አባት ነው። ከእርሱ የሚነሣ ሁሉ ልጅ ነው። ልጅ ሲወለድ አባቱ ያለውን ሁሉ ይወርሳል። ልጅ በኋላ ያፈራውን ግን አባት አያየውም። ልጅ ሲሞት ንብረቱም አብሮት ይቀበራል።»

«ጭካኔ ነው፣ ጋሼ።»

«ጭካኔ አይደለም፣ ዩኒክስ ነው።»

ስለ አባት ሲነሣ ስለ አባቴ ነገርኋቸው። አባቴ በወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርቴ እርሱ አጠገብ ተቀምጦ መገልበጥ ሆነ። ባለጉዳይ እያለቀሰ ሲመጣ አባቴ፣ «ልቅሶህን ለቤትህ፤ ለዳኛ የሆነውን ብቻ» ይለው ነበር። ለእኔም፣ «ከተናደድህ ብዕሩን አስቀምጥ፤ ከፈራህም አስቀምጥ። የሆነውን ጻፍ» ይለኝ ነበር።

ጋሼም፣ «አባትህ ጥሩ ቴስተር ይወጣው ነበር» አሉ።

ከሄዱ በኋላ ሦስተኛውን ሙከራ እንደገና ሠራሁ። አልቆመም። ወረቀቱ በሚለው መሠረት አዲስ መስኮት ከፈትሁ፣ ምንም ሳልሠይም አስነሣሁት። «ጽፌ ጨርሻለሁ።» የት? አሁንም አይናገርም። እንደገና ሪፖርት ጻፍሁ፤ በዚህ ጊዜ የሠራሁትን እያንዳንዱን ነገር ዘረዘርሁ። የአባቴን ምክር ግን አላከበርሁም፤ ተናድጄም ፈርቼም ነው የጻፍሁት።

ረቡዕ

ዛሬ ሁሉም ነገር አናደደኝ።

ጋሼ ተፈራ በጠዋት የገባባቸው ብስጭት እስከ ስምንት ሰዓት አልለቀቃቸውም። ፋይሎቻቸውን የሚያኖሩበት የራሳቸው ክፍል አላቸው፤ ጓዳዬ ይሉታል። «ጓዳዬ ውስጥ ማን እንደሚገባ አላውቅም! ጠዋት በመጣሁ ቁጥር ያልጻፍኩት ፋይል ተቆልሎ አገኛለሁ። አጥፍቼ እሄዳለሁ፣ ተመልሶ ይመጣል። አይጥ አለ እዚህ ቤት!»

«ኬቪንን ቢጠይቁት፣ ጋሼ?»

«ኬቪንማ እኔ ጋ አይታይም ይለኛል።»

ሳቅሁ። እርሳቸው አልሳቁም።

እርሳቸው ወጡ፤ ወዲያው ኬቪን ራሱ ወደ እኛ ክፍል ወረደ። ሪፖርቴን በእጁ ይዟል። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን የሚቸኩል ሰው ደግነት ነው። ወንበሬ ጀርባ ቆሞ ሙከራውን አየ። ፕሮግራሙ «ጽፌ ጨርሻለሁ» ሲል ጢሙን ነካ ነካ አደረገ።

«ይህ አዲስ መስኮት ነው?»

«አዎ» አልሁት። እውነቴን ነው፤ አሁን በገዛ እጄ የከፈትሁት ነው።

«ሎግ አውት አድርግና ከመጀመሪያው ገብተህ ሞክረው። ከዚያ በኋላም ካልቆመ ንገረኝ።»

«ኦኬ» አልሁት።

ሄደ። እኔም አላደረግሁትም።

ለምን እንዳላደረግሁት እዚህ ብቻ ልጽፈው። ጋሼ ሲወጡ መስኮታቸውን አይዘጉም። ሥራቸው በግራ በኩል ተከፍቶ ይቆያል፤ ነገ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ወደዚህ በመጣሁበት ቀን በዚያች መስኮት ላይ አንድ ቃል ጻፉና፣ «ይኸው፣ እንዲህ ስትል አዲስ መስኮት ይከፈትልሃል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእርሳቸው መስኮት ያንን ቃል እጽፋለሁ፤ የራሴ ይከፈትልኛል፤ ከጎናቸው እሠራለሁ። ስጨርስ የራሴን ዘግቼ የእርሳቸውን እንዳገኘሁት እተዋለሁ። ሎግ አውት ባደርግ፣ ከማሽኑ ጭራሽ ብወጣ፣ ሁሉም ይዘጋል፤ የእርሳቸው ሥራ ይበተናል። ታላቅ ሰው ከማዕድ ሳይነሣ ሰሐኑን ማን ያነሣል? አስፈቅጄ ልዝጋ እንዳልል ደግሞ መኪናቸው ከግቢ ወጥቷል። በፔጀር ጠርቼ ከመንገድ ላስቆማቸው?

ግድግዳው ላይ፣ «ስትወጡ ሎግ አውት አድርጉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጋሼ አንድ ቀን ጠቁመውኝ፣ «ይቺ ለወጣቶች ናት» ብለውኝ ነበር።

ስለዚህ ለኬቪን «ኦኬ» አልሁ። እኛ ዘንድ ታላቅ ሲናገር «እሺ» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሌላ ጉዳይ ነው። ነገ ጋሼን አስፈቅጄ አደርገዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሐሙስ

አላስፈቀድሁም። ጋሼ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ስለነበራቸው ቀድመውኝ ወጥተዋል። መስኮታቸው እንደተከፈተ ነው።

ማሽኑ ፊት እንደተቀመጥሁ የኬቪን መልስ ተቀምጦ አገኘሁ። «ሎግ አውት ተደርጎ ተሞክሯል። ሞካሪው ድጋሚ አላመለከተም። ተዘግቷል።»

ተዘግቷል! በእኔ «ኦኬ» ዘጋው! ያላደረግሁትን ነገር እንዳደረግሁ በጽሑፍ አስፍሮ ዘጋው። ሊንዳ ነገ የምታየው ይህን ነው። ተነሥቼ ቆምሁ፤ ተቀመጥሁ፤ እንደገና ቆምሁ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ የጆሮ ማዳመጫዋን አውርዳ አየችኝና መልሳ አጠለቀችው።

ከንዴቴ የተነሣ፣ እስከ ዛሬ ያልጻፍሁትን ትእዛዝ በራሴ መስኮት ላይ ጻፍሁ፤ ያሉትን ስሞች ሁሉ አሳየኝ የሚለውን። ከዚህ በፊት ያልጻፍሁት ወረቀቱ ስላላዘዘኝ ነው። የታዘዘውን አንድ ነጥብ ሳያጎድል የሚፈጽም ሰው ያልታዘዘውን አያደርግም። ስሞቹ ረድፍ ሠርተው ወረዱ። በጣቴ መስታወቱን እየነካሁ አንድ በአንድ አነበብሁ።

ማኖሪያ አለ።

እኔ አልሠየምሁትም። መስኮቱ አሁን የተከፈተ ነው። ማኖሪያ ግን አለ፤ ዋጋውም በጋሼ ተፈራ ስም የሚጨርስ መንገድ ነው።

መንገዱን ደግሜ አነበብሁት። ከዚያ የማክሰኞው ነገር እንደ ጥፊ መጣብኝ። መስኮት አባት ነው፤ ከእርሱ የሚነሣ ሁሉ ልጅ ነው፤ ልጅ ሲወለድ አባቱ ያለውን ሁሉ ይወርሳል። እኔ በየቀኑ መስኮቴን የምከፍተው ከጋሼ መስኮት ነው። ጋሼ በመስኮታቸው የሠየሙትን ማኖሪያ የእኔ መስኮት ይወርሰዋል፤ ከእኔ መስኮት የሚነሣው ፕሮግራም ደግሞ ከእኔ ይወርሰዋል። ምንም የሌለው ፕሮግራም አስነሣሁ እያልሁ ሀብታም የልጅ ልጅ ነበር የማስነሣው። ኬቪን ያላየው እውነቱን ነው። ፕሮግራሙም አልዋሸም፤ ጽፎ ጨርሷል። የጻፈው ጋሼ ጓዳ ውስጥ ነው።

አይጧ እኔ ነኝ።

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ሪፖርቶቼ ትዝ አሉኝ። የሦስተኛው ሙከራ ሪፖርቶቼ ሁሉ ውድቅ ናቸው። ይህን ለማስረዳት ደግሞ መስኮቱ ለምን እንዳልተዘጋ መጻፍ አለብኝ፤ ያልተዘጋው መስኮት የማን እንደሆነም ይጠየቃል። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ለወጣቶች ብቻ እንዳልሆነ ሊንዳ ታውቃለች።

በዕረፍት ሰዓቴ ወደ ጋሼ ቤት ደወልሁ። ከዚህ በፊት ደውዬ አላውቅም። ልጃቸው አነሣችና ሰላምታዬን ሳልጨርስ፣ «ዳድ! ፎር ዩ!» ብላ ጮኸች።

«ምን ሆነሃል? ሰው ሞተ?» አሉ ጋሼ። ጥርሳቸው ተነቅሎ ኖሮ ድምፃቸው ተንጋዷል።

«ሰው አልሞተም፣ ጋሼ። አይጧን አገኘኋት።»

«የቷን?»

«እኔ ነኝ።»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው።

«ቆይ» አሉ በመጨረሻ። «መስኮቴን ለምንድነው ያልዘጋኸው?»

«የርስዎ ስለሆነ ነዋ!»

«አንተ ልጅ! መስኮት ነው እንጂ አልጋ ነው? ተኝቼበት ነው?»

«ሳላስፈቅድ እንዴት...»

«አክብረህ ገደልከኝ! እኔን ብቻ አይደለም፣ ራስህንም።» የሚያቃስቱ መሰለኝ፤ ጥርሳቸው ይሁን እኔ ልሁን አላወቅሁም። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ሪፖርቱ ላይ ስሜን ልትጽፍ ነው?» አሉ።

«ኧረ ጋሼ! እንዴት አድርጌ!»

«እንግዲያ ምን ልትል ነው? መስኮቱ ከሰማይ ወረደ ልትል ነው?»

መልሴን ሳይጠብቁ፣ ሳይመርቁኝ ስልኩን ዘጉት። ሁልጊዜ፣ «በርታ፣ እግዜር ይርዳህ» ሳይሉ አይዘጉም ነበር።

እርሳቸውም እንደ እኔ በኮንትራት ናቸው። ይህን ረስቼው አላውቅም፤ ዛሬ ግን በድምፃቸው ሰማሁት።

ዓርብ

ጋሼ የሉም። ወንበራቸው ገብቷል፤ ጠረጴዛው ተጠርጓል። ስክሪኑ ላይ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ባዶ ገጽ ብቻ ነው። እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ያንን ገጽ አይቼው አላውቅም ነበር።

ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቢጫ ወረቀት ተለጥፋለች። በአማርኛ ነው፤ በዚያ በቆየ፣ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሕፈታቸው፦ «ዘግቼዋለሁ። ከባዶ ግባ። የሆነውን ጻፍ።»

በመጣሁበት ቀን በተሰጠኝ ስምና የይለፍ ቃል ገባሁ። ስሞቹን አሳየኝ አልሁ፤ ማኖሪያ የለም። ሦስተኛውን ሙከራ አስነሣሁ። ፕሮግራሙ ቆመ። «ማኖሪያ የለም» ብሎ ድርቅ አለ። እንቢታ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ሪፖርቱን ጻፍሁ። እንግሊዝኛዬ አጭር ስለሆነ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ በአባቴ ማመልከቻ ቅርጽ ጻፍሁት። አስቀድሞ የሆነው፤ ቀጥሎ የሆነበት ምክንያት፤ በመጨረሻ የሚጠየቀው። መስኮቴን ከሌላ መስኮት እንደከፈትሁና የዚያን መስኮት ዋጋ እንደወረስሁ፤ ያ መስኮት የአቶ ተፈራ እንደነበረ፤ መዝጋት የነበረብኝ እኔ እንደሆንሁና እርሳቸው አትዝጋ ብለውኝ እንደማያውቁ፤ ፕሮግራሙ ጥፋት እንደሌለበት፤ የተመለሱት ሪፖርቶቼ ሁሉ እንዲሰረዙ። በሙከራ ወረቀቱ ራስ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ብዬም ሐሳብ አቀረብሁ፦ «አስቀድመህ ሎግ አውት አድርግ፤ ገብተህም ስሞቹን ሁሉ ተመልከት።»

ከዚያ እጄ ቆመ። የቀረ ነገር ነበር። ማንም አያውቀውም፤ ኬቪንም ረስቶታል። ተነሥቼ ውኃ ጠጣሁና ተመልሼ ጻፍሁት፦ «ረቡዕ ኬቪን ሎግ አውት አድርግ ሲለኝ ኦኬ ብያለሁ። አላደረግሁም።»

የመዝጊያው ቃል የአባቴ ነው፤ እንደምንም ወደ እንግሊዝኛ አዞርሁት። ጉዳዬ ታይቶ መልሱ በዛሬው ዕለት በጽሑፍ ይሰጠኝ ዘንድ እለምናለሁ። ለሊንዳ ላክሁት፤ ለኬቪንም ግልባጭ።

ኬቪን አንድ ቃል መለሰ፦ «ሃ!» ይህ ምን ማለት እንደሆነ በየትኛው መዝገበ ቃላት ይፈለጋል?

ሊንዳ አልመለሰችም። በቢሮዋ መስታወት በኩል ወረቀት አትማ ስታነብ አየኋት። አነበበች፤ መነጽሯን አወለቀች፤ መልሳ አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ቁልፏን ይዛ፣ በአጠገቤ አለፈች። «መልካም ዊክኤንድ!» አለችኝ፤ እጇንም አወዛወዘችልኝ። ዓርብ እወስናለሁ ያለች ሴት ዓርብን ይዛው ሄደች።

ቅዳሜ

ጠዋት ስልክ ጮኸ። ዘልዬ አነሣሁ። ጋሼ ናቸው።

«ጥርስዎ እንዴት ነው?» አልሁ፤ ሌላ ነገር ለመጠየቅ ስለፈራሁ።

«ጥርሴን ተወው። ትላንት ጠዋት ሊንዳ ጋ ገብቼ መስኮቱ የኔ ነው አልኳት። ምን እንዳደረገችኝ ታውቃለህ? ግድግዳው ድረስ ወስዳ ያቺን ወረቀት አስነበበችኝ። ጮክ ብዬ! በዚህ ዕድሜዬ ሀሁ አስቆጠረችኝ!»

«ጋሼ፣ ይቅር...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ማታ ደግሞ እቤት ድረስ ኮል አደረገችልኝ። የጻፍከውን አነበበችልኝ። ኦኬ ብያለሁ፣ አላደረግሁም የምትለዋን ሁለቴ አነበበቻት። ከዚያ፣ ይህ ሰው ከእንግዲህ ኦኬ ሲለኝ ምን ብዬ ልስማው? አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«አባቱ አይደለሁም፣ ራሱን ጠይቂው አልኳት። ሰኞ ጠዋት ትፈልግሃለች። በኔ ሰዓት፣ በሁለት ሰዓት።»

በጠዋት የሚጠራው ሰው ከሥራ ሰዓቱ በፊት የሚሰናበት ነው፣ ወይም ወረቀት የሚፈርም ነው። ሁለቱም በጠዋት ነው የሚሆነው።

«ለመቅጠር ይመስልዎታል፣ ለማሰናበት?»

«እኔ ጋ አይታይም» አሉና በዚያ በተነቀለ ጥርሳቸው ሳቁ። ለረጅም ጊዜ ሳቁ፤ እኔም ሳላስበው አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገትተው፣ «በርታ፣ እግዜር ይርዳህ» ብለው ዘጉ።

ሸሚዜን አጥቤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሰቅያለሁ። ሰኞ ሊንዳ ስትጠይቀኝ የምላትን አውቀዋለሁ፦ ኦኬ ያልሁት ሰምቼ ነው፣ አድርጌ አይደለም፤ ከእንግዲህ ሳላደርግ አልልም። እርሷ የምትለውን ግን አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ እለምናታለሁ። መልሷን ቦርሳዋ ውስጥ ሳትከት፣ እዚያው እንደተቀመጥሁ፣ በግልጽ ትመልስልኝ።